የሐምሌ ጓንት

እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማስብ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ለዓሣ ሲወጣ ጀልባው ገና ከወደቡ አፍ ሳያልፍ በልቤ ቀብሬው፣ አልቅሼለት፣ ልጆቹን ያለ አባት አሳድጌ እጨርሳለሁ። ሲመለስ ደግሞ ከሞት እንደተነሣ ሰው ነው የምቀበለው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«አሁንም ሞቼ ነበር?» ይለኛል።

«ሁለቴ» እለዋለሁ።

ይህን ጠባይ ከማን ወረስሽው ሲሉኝ ከአያቴ ነው እላለሁ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አያቴም ክፉውን አስቀድማ ታስብ ነበር፤ ግን እኔ ካሰብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣለሁ፣ እሷ ካሰበች በኋላ ሥራ ትጀምር ነበር። በስምንት ዓመቴ ዓይኔ እያየ ምን ሥራ እንደጀመረች ለመረዳት ግማሽ ዕድሜዬን ፈጅቶብኛል።

በከተማችን ሰው ሲሞት ጓንት ይላክ ነበር። ከሟች ቤት ጓንት የደረሰው ሰው ለቀብሩ ተጠርቷል ማለት ነው። አስከሬኑን ለሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የተሻለው፣ ከግልገል ቆዳ የተሠራው የእንግሊዝ ነጭ ጓንት ይሰጣቸዋል። ያለ ጓንት የተቀበረ ሰው ወዳጅ ያልነበረው ሰው ነው። አያቴ ታምሰን በዕድሜዋ የተላከላትን ጓንት ሁሉ በዝግባ ሣጥን ውስጥ አኑራ ነበር። በረዶው መስኮቱን ሲደፍነው እኔና እሷ አልጋዋ ላይ እየደረደርናቸው እንጫወታለን።

«ይሄ ማነው?» እላታለሁ አንዱን አንሥቼ።

«ዲያቆን ኢኖስ። ነፍሱን ይማረውና ቆንቋና ነበር። እይው፣ አውራ ጣቴ እንኳ አይገባበትም። ሞቶም ቆዳ ቆጠበ።»

«ይሄስ?»

«ይሄ አያትሽ ነው» ትልና ያን ራሷ ታነሣዋለች። ነጭነቱ ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል። ጉንጯን ታስነካውና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«የአንቺስ፣ እማማ?»

«የእኔ ገና ሱቅ ውስጥ ነው። አባትሽ ቃል ገብቶልኛል፤ ለስድስቱም ነጭ ጓንት። ካላደረገው ከሬሳ ሣጥኔ ተነሥቼ፣ ራሴ ገዝቼ እመለሳለሁ።»

አመንኳት። ከዚያ ወዲህ በመቃብሩ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ያለ ጓንት የተቀበረው የትኛው ይሆን እያልኩ ድንጋዮቹን በጥርጣሬ አያቸው ነበር።

በዚያው የበረዶ ወራት ሻይ ከቤታችን ጠፋ። እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነበር፦ ንጉሡ በአባቴ ተቆጥቷል፤ አባቴም በንጉሡ ተቆጥቷል፤ ሁለቱ እስኪታረቁ ድረስ እኛ የእንጆሪ ቅጠል አፍልተን እንጠጣለን። አባቴ ኤልካና በርሜል ሠሪ ነው። ከንጉሥ ጋር ምን ሊያጣላው እንደሚችል ብዙ አሰብኩና፣ የሚያፈስ በርሜል ሸጦለት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩን አሁን አውቀዋለሁ። የምንኖረው ከባሕር ማዶ የእንግሊዝ ንጉሥ በሚገዛው ቅኝ ግዛት ነበር፤ የሎንዶን ፓርላማም በሻይ፣ በመስታወት፣ በወረቀትና በቀለም ላይ ቀረጥ ጥሎብን ነበር። የከተማው ወንዶች ተሰብስበው፣ ቀረጡ እስኪነሣ ከእንግሊዝ የመጣ ዕቃ አንገዛም ብለው ፈረሙ። እናቴ ፐርሲስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቄሱ ቤት እየሄደች ሱፍ ትፈትላለች፤ እኔ እባዝታለሁ። የምንለብሰው እዚያው ተፈትሎ የተሸመነውን ነበር። አንገቴን ሲበላኝ ንጉሡ ነው የሚቧጥጠኝ እል ነበር።

ካፒቴን ባርዚላይ ቤታችን የመጣው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስምምነቱን ማን እንደጠበቀና ማን እንዳፈረሰ የሚከታተለው ኮሚቴ አለቃ እሱ ነበር። ድምፁ ባሕር ላይ ስለኖረ ቤት ውስጥም ከማዕበል ጋር የሚሟገት ይመስል ነበር።

«እማማ ታምሰን፣ ሻዩ እንዴት ነው?» አላት ከምድጃው አጠገብ እየተቀመጠ።

«ይሄ ሻይ አይደለም፤ የላም ቀለብ ነው። አንተ ባርዚላይ፣ ለሦስት ፔንስ ቀረጥ ብለህ አሮጊት በድርቆሽ ትገድላለህ? አንተ በአንድ ምሽት የምትጠጣው የሮም አረቄ ከዚያ አይበልጥም?»

«ሦስት ፔንሱ አይደለም እማማ። አሁን እኔ ሳልጠይቅዎ ሰተት ብዬ ጓዳዎ ገብቼ፣ አንድ እንቁላል ይዤ ብወጣ ምን ያደርጉኛል?»

«አንተን? መጥረጊያው እስኪሰበር ነው የምቀጠቅጥህ።»

«ለአንድ እንቁላል?»

«ለእንቁላሉ ማን አለህ!»

«ታዲያ ለምኑ?»

«ስላልጠየቅከኝ ነዋ!»

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ እሳቱ ዞረ። ካፒቴን ግን አልሳቀም።

«እኛንስ ማን ጠየቀን?» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚያ ተቀምጠው ቀረጥ ከሚቆርጡት መሀል አንድ የእኛ ሰው የለም። ዛሬ ሻይና ብርጭቆ ነው። ዝም ካልን ነገ ጀልባችን ላይ፣ ከነገ ወዲያ ምድጃችን ላይ ይመጣሉ። አንከፍልም ብንል ደግሞ ይኸው ቦስተን ላይ ወታደር አራገፉ። በገዛ አገራችን ወታደር ‹ማነህ?› እያለ ያስቆመናል።»

አያቴ የእንጆሪ ቅጠሏን አየች። ቀጥላ የተናገረችው ለካፒቴን አልነበረም።

«ኤልካና፣ ጓንቴስ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ጓንቱም ከእንግሊዝ ነው የሚመጣው፣ እማዬ።»

«ቃል ገብተህልኛል።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ለእኔ የገባኸው ይቀድማል።»

«ቦስተን ውስጥ እኮ አሁን ትልልቆቹ ሰዎችም ያለ ጓንት ነው የሚቀበሩት፣ እማማ» አለ ካፒቴን።

«የቦስተን ትልልቅ ሰዎች እንደ ውሻ መቀበር ካማራቸው ይቀበሩ!»

ከዚያ በኋላ እንግዳው እስኪነሣ ድረስ ዓይኗን እሳቱ ላይ ተክላ ቆየች። ካፒቴን ሊሰናበታት እጁን ሲዘረጋ ግን ያዘችና አልለቀቀችም። መዳፉን ገለበጠች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አቃናቻቸው፤ በራሷ ጣት ከእጁ አንጓ እስከ ጫፉ ሄደች።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«የሰረቅከውን እንቁላል እየፈለግኩ።»

አባቴና ካፒቴን ተያዩ። እኔም አያቴ መጃጀት ጀመረች ብዬ አዘንኩ።

በማግስቱ ከአባቴ መሥሪያ በር ኋላ ተቀምጬ የእንጨት ፍቅፋቂ ስሰበስብ እናቴ ገባች። ያኔ የሰማሁትን አልረሳውም።

«ኤልካና፣ ጓንቱን ከጄቤዝ ሱቅ ከገዛህ ስምህን አደባባይ ይለጥፉታል። በርሜል የሚገዛህ ሰው አይኖርም። ሸራ ሰፊውን አይተኸዋል፤ ሚስቱ አንድ ክንድ ሐር ገዛች ተብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ሥራ የሚሰጠው የለም፤ መስኮቱን ሰብረውበታል።»

«አውቃለሁ።»

«ካልገዛህ ደግሞ እናትህ ናት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ ፐርሲስ!» አለና እንጨቱን መላግ ቀጠለ። ላገው ላገው፣ ጣውላው ለበርሜል እስከማይሆን ድረስ ሳሳ። እኔ ያን ጊዜ የተረዳሁት አባቴ አያቴን እንደማይወዳት ነው። አሁን አርባ እየተጠጋኝ ሳስበው፣ እንደዚያ ሆኖ የሚልግ ሰው እናቱን የማይወድ ሰው አይደለም።

አያቴ ያን ሳምንት ሱፍ አምጡልኝ አለች። እኔ የባዘትኩትን ራሷ ፈተለችው፤ ልቃቂቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሹራብ መርፌዎቿ ጓንት መሥራት ጀመረች። ጓንቶቹ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ዓሣ አጥማጆች በብርዱ ወራት የሚያጠልቁት ዓይነት ነበሩ። አንጓቸው ላይ ግን አንድ ዙር ቀይ ክር ታስገባባቸዋለች።

«ለማን ነው እማማ?»

«እጁ ለሚበርደው።»

ለዓሣ አጥማጆቹ ነው ብዬ አሰብኩ። ጸደይ ላይ ጀልባዎቹ ሲወጡ ጓንቶቹ አልተሰጡም። አስታወስኳት።

«ጀልባዎቹ እኮ ሄዱ።»

«የእኔ ጀልባ ገና ነው» አለችኝ። ይህንንም ከመጃጀቷ ቆጠርኩት።

ደግሞ የወንዶች እጅ መያዟን አልተወችም። የጎረቤቱን እጅ ያዘች፣ የቄሱን ያዘች፣ ገበታ ላይ ዳቦ ሊቆርስ የተዘረጋውን የአባቴን እጅ ያዘች። ከሁሉ የባሰው የጋሽ ጄቤዝ ነው። ጋሽ ጄቤዝ ባለ ሱቅ ናቸው፤ አልፈርምም ያሉ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ በመንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። አንድ እሑድ ከጸሎት ስንወጣ አያቴ በሕዝቡ መሀል ሰንጥቃ ሄደች፤ የሳቸውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ መዳፋቸውን ገለበጠች፤ ጣታቸውን አቃናች።

«ታምሰን፣ ሰው እያየ ነው» አሏት።

«ይይ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያየኝ ነው የኖረው።»

እኔ በሃፍረት የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

በሐምሌ፣ በእኛ አገር ፀሐይ በምታቃጥልበት ወር፣ አያቴ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ መጥቶ ደም አወጣላትና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ የማስበው ስለ ጓንቱ ብቻ ነበር። ቀኑ ደርሷል፤ ጓንቱ የለም፤ አያቴ ትነሣለች። መነሣቷን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ግን በመጎናጸፊያዋ ብቻ ሆና በከተማው መሀል ጓንት ስትፈልግ ልጆቹ እንዲስቁባት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ወደ ጋሽ ጄቤዝ ሱቅ ሄድኩ። ከበሩ ፊት ምሰሶ ተተክሏል፤ ጫፉ ላይ ከእንጨት የተጠረበ ትልቅ እጅ ጣቱን ወደ ሱቁ ቀስሯል። እዚህ ጓንት ይሸጣል ማለት ነው ብዬ ነበር። የተከሉት የካፒቴን ሰዎች ናቸው፤ ትርጉሙም እዚህ የገባ ከእኛ አይደለም ማለት ነው። በሩ ላይ ያለውን የዓሣ አንጀትም ድመት የጣለችው መስሎኝ ረግጬው ገባሁ።

ጋሽ ጄቤዝ ባዶ ሱቅ ውስጥ ሚዛናቸውን ይወለውላሉ።

«ስትገቢ ያየሽ አለ፣ ልጄ?»

«ድመት።»

«ድመቷ ፈርማለች?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ምን እናደርጋለን። ምን ልስጥሽ?»

«ነጭ ጓንት። ለስድስት ሰው። ለአያቴ።»

መወልወያው ከእጃቸው ወደቀ። «አረፈች?»

«አላረፈችም። ግን ጓንቱ ከሌለ ትነሣለች።»

አያቴ ያለችውን ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቁ ሳቁና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አዎ፣ ታምሰን ከሆነች ትነሣለች» አሉ። ከላይኛው መደርደሪያ ሣጥን አወረዱ። ጓንቶቹ በስሱ ወረቀት መሀል ነጭ እርግብ መስለው ተኝተዋል። በጨርቅ ጠቀለሉልኝ።

«ገንዘብ የለኝም።»

«ለእሷ አልሸጥም።»

«ጋሽ ጄቤዝ፣ ለምንድነው ያልፈረሙት?»

ቋጠሮውን አጠበቁ። «ትፈርማለህ ወይ ቢሉኝ እፈርም ነበር። እነሱ ግን ገብተው ፈርም አሉኝ።»

ልዩነቱ አልገባኝም። ካደግኩ በኋላ ሲገባኝ ደግሞ ለሁለቱም ወገን አዘንኩ፤ የተጣሉት በአንድ ዓይነት ቁስል ነበር።

ጥቅሉን በሽርጤ ሥር ደብቄ አያቴ ጋ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ስፈታው ቀና ልትል ሞከረች። አንዱን አነሣች፤ ጉንጯን አስነካችው። ከዚያ እጇን ከተተች፤ እጇ መንምኖ ነበርና ጓንቱ ውስጥ ዋለለ።

«እንዴት ያምራሉ» አለች። «እንዴት ያምራሉ፣ ሂቲ!»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቆይታ ግን ጓንቱን አወለቀች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካክላ ከጓደኞቹ ጋር አስተኛችው።

«መልሺለት።»

«ለምን? ነጭ እኮ ናቸው!»

«አባትሽ ሳያይ፣ አሁኑኑ። ታምሰን ስትጠራህ ባዶ እጅህን ና ብላሃለች በይው።»

«ግን አንቺ—»

«ሂጂ አልኩሽ የእኔ እናት።»

እያለቀስኩ ወጣሁ። በየትኛው መንገድ እንደሄድኩ አላስተዋልኩም። ከእንጨቱ እጅ ሥር ስደርስ ካፒቴን ባርዚላይ ቆሟል።

«የኤልካና ልጅ! ያ ምንድነው የያዝሽው?»

«የአያቴ ነው።»

«አምጪው።»

ጥቅሉን ፈታው። የቀትሩ ፀሐይ ጓንቶቹ ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋ ነበር። የካፒቴን መንጋጋ ሲጠብቅ አየሁት።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። አባቴ አያውቅም። ጋሽ ጄቤዝ ለአያቴ ሰጧት፤ እሷ አልፈልግም አለች።»

«ማን? እማማ ታምሰን? ነጭ ጓንት አልፈልግም አለች?»

«መጀመሪያ እንዴት ያምራሉ አለች። ከዚያ አባትሽ ሳያይ መልሺ አለችኝ።»

ካፒቴን ጓንቶቹን ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ራሱ ጠቀለላቸው፤ እኔ ብቻዬን ፈትቼው በማላውቀው የመርከበኛ ቋጠሮ አሰራቸው።

«ግቢና መልሺ» አለኝ። «እኔ ባሕሩን እያየሁ ነው።»

ጀርባውን ሰጠኝ። እውነት ባሕሩን እያየ መስሎኝ ዓሣ ነባሪ ይታየው እንደሆነ ጠየቅኩት። «እስካሁን የለም» አለኝ ሳይዞር። የአባቴ ስም፣ የበርሜሉ ሥራ፣ የምንበላው ዳቦ ሁሉ በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን የቆመው እላለሁ፤ እንደ ልማዴ።

አያቴ ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት፣ የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ አረፈች።

እናቴ የአያቴን የልብስ ሣጥን ከፍታ ከቀሚሷ ሥር ግራጫዎቹን ጓንቶች አወጣች። እያንዳንዱ ጥንድ በቀይ ክር ታስሯል። የትኛው የማን እንደሆነ አያቴ አስቀድማ ነግራታለች፤ ለተሸካሚዎቹ፣ ለአባቴም።

«እነዚህ የዓሣ አጥማጅ ናቸው» አልኳት። «ነጭ አይደሉም።»

እናቴ ጓንቶቹን ፊቷ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ እጄን ያዘችና በየቤቱ ዞረን አደረስናቸው። ለካፒቴን ባርዚላይ ሰጠነው። ለጋሽ ጄቤዝም ሰጠናቸው፤ በእንጨቱ እጅ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ቀና ብላ።

የቀብሩ ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጥ ነበር። ካፒቴንና ጎረቤቶቹ ግራጫውን የሱፍ ጓንት አጥልቀው ቤታችን ደጃፍ ተሰለፉ። ልጆቹ አጥር ላይ ሆነው ይንጫጫሉ።

«በሐምሌ የሱፍ ጓንት!»

«የሂቲን አያት በጎች ሊሸከሟት ነው! ባ-ባ!»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ጄቤዝ ብቅ አሉ። ጫጫታው ጸጥ አለ።

«ይሄን ሰውዬ ደግሞ ማን ጠራው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይመለስ!» አለ ሌላው።

ጋሽ ጄቤዝ ቆሙ። እጃቸውን እንደ ጥፋተኛ ሰው ከፊታቸው ይዘዋል፤ ሁለት ግራጫ እጆች፣ አንጓቸው ላይ ቀይ ክር። ካፒቴን እጃቸውን አየ። የራሱን አየ። አባቴ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ሰው ሁሉ የካፒቴንን አፍ ይጠብቃል።

«ጓንት ደርሶታል» አለ ካፒቴን፣ በዚያ በባሕር ድምፁ። «ጓንት የደረሰው የተጠራ ነው። ከፊት ያዝ ጄቤዝ፤ ቁመታችን እኩል ነው።»

ስድስቱ አነሷት። እኔ የአባቴን እጅ ይዤ ተከተልኩ፤ የሱፉ ጓንት በላብ ርሶ መዳፌን ይበላኛል። መንገዱን ሁሉ ዓይኔ ሣጥኑ ክዳን ላይ ነበር። አሁን ትነሣለች እላለሁ። መታጠፊያው ላይ ትነሣለች። አልተነሣችም። ጉድጓዱ ዳር ሲያሳርፏት ካፒቴን ጓንቱን አውልቆ ሲጨምቀው ውሃ ወጣው።

«ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ድረስ በላብ አጠመቀችን» አለ።

ጋሽ ጄቤዝ ሳቁ። ካፒቴንም ሳቀ። ሁለቱ ሳቅና ልቅሶ እየተቀላቀለባቸው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። በማግስቱ በሱቁ ስናልፍ የእንጨቱ እጅ እዚያው ነበር፤ ጣቱም አልታጠፈም።

ለብዙ ዓመታት የማምነው እንዲህ ነበር፦ ድኾች ስለነበርን አያቴን በዓሣ አጥማጅ ጓንት ቀበርናት፤ ያልተነሣችውም አቅም ስላጣች ነው። ከዚያ ከንጉሡ ጋር ጦርነቱ መጣ። ጋሽ ጄቤዝ የንጉሡ ወታደሮች በወጡበት መርከብ ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። እናቴ ሻንጣቸውን ስታግዛቸው ግራጫው ጓንት ከላይ ነበር ብላኛለች። ካፒቴን ባርዚላይ እንግሊዞች እስረኛ በሚያጉሩበት መርከብ ውስጥ ሞተ። ማን እንደቀበረው፣ በምን እጅ እንደያዙት የሚያውቅ የለም። አባቴ የራሱን ጓንት ለአንድም ብርድ አላጠለቀውም። ዝግባው ሣጥን ውስጥ፣ ከአያቴ ባል ጓንት አጠገብ አስቀመጠው። ሣጥኑ አሁን እኔ ዘንድ ነው።

የገባኝ ያለፈው ዓመት ነው። ጓንቱን ከብል ለማናፈስ አውጥቼ ሳለ ልጄ ኤሊሁ አነሣና አጠለቀው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እጁ የአያቱን እጅ ቁርጥ ነው። ጓንቱ እንደ ቆዳው ገጠመው።

«ይሄን የሠራችው ሴት የሰውዬውን እጅ ለክታዋለች» አለ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የካፒቴን መዳፍ ሲገለበጥ ታየኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የጋሽ ጄቤዝ ጣቶች ሲቃኑ ታዩኝ። ነጭ ጓንት ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘች ሴት፣ ልጇ በእናቱና በጎረቤቶቹ መሀል እንዳይሰነጠቅ ብላ የራሷን የቀብር ጓንት ዓይናችን እያየ ሠርታ ነበር። ስላልጠየቅከኝ ነዋ ብላ በተናገረችበት ቀን ነው የጀመረችው። ሲሸከሟትም፣ ለአንድ መንገድ ያህል፣ ያልፈረመውንና ያስፈረመውን አንድ ቀለም አልብሳ ጎን ለጎን አስኬደቻቸው።

ኤሊሁ በመጪው ጸደይ ወደ ባሕር ይወጣል። አባቱ ነገሩን ጨርሶታል። ከንጉሡ ተላቀን አሁን ቀረጥ የሚጥሉብን የራሳችን ሰዎች ናቸው፤ ሰዉ ያጉረመርማል፤ እኔም ጉርምርምታ በሰማሁ ቁጥር የመርከብ እስር ቤት ይሸተኛል። በልቤ ልጄን ስንት ጊዜ እንደቀበርኩት ለማንም አልተናገርኩም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ዘንድሮ አዲስ ነገር አድርጌያለሁ፤ ሱፍ ገዝቼ ፈትያለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከድሮው የጋሽ ጄቤዝ ሱቅ ፊት ባለው ምሰሶ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስሠራ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«በሐምሌ ጓንት? ለማን ነው እማዬ?»

«እጁ ለሚበርደው። እስቲ እጅህን አምጣ።»

እየሳቀ ሰጠኝ። መዳፉን ገለበጥኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አቃናኋቸው፤ ከአንጓው እስከ ጫፉ በጣቴ ሄድኩ። ልኩ የታወቀ ነው፤ የአባቴ ጓንት እቤት ተቀምጧል፤ መለካት አያስፈልገኝም ነበር። አያቴም የእነዚያን ሰዎች እጅ ለመለካት ከሚያስፈልገው በላይ ይዛ መቆየቷ ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ አልጨረሽም እንዴ?» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልኩት።